ጎመኑም ነጭ ሽንኩርቱም በልኩ

በራዲዮ የተላለፈ ንግግር፤ ንባብ ለጀመሩ ጎልማሶች በጽሑፍ የቀረበ

  

ንግግሩን በጆሯችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። አሁን ደግሞ በዓይናችሁ ታነቡታላችሁ። አትቸኩሉ። ያልገባችሁ ዓረፍተ ነገር ቢኖር ተመለሱና ድገሙት። ቤት ውስጥ ማንበብ የማይችል ሰው ካለ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። የዛሬው ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ነውና በአንድ ሰው ዘንድ ብቻ አይቅር።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ደም ነው። ደም ያለ ቦታው እንዳይረጋ የሚከለክል መድኃኒት አለ። ሰው "ደም ማቅጠኛ" ይለዋል። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምን ይብላ? ምን ይጠጣ? ከጓዳችን ቅመምና ከጓሯችን ቅጠል መድኃኒቱን የሚያበረታው የትኛው ነው? የሚያደክመውስ የትኛው ነው? እስቲ አንድ በአንድ እንመልከት።

ደም ለምን ይረጋል?

በግ ሲታረድ አይታችኋል። ደሙ ከአንገቱ ሲወርድ ፈሳሽ ነው። መሬት ላይ ጥቂት ሲቆይ ግን እንደ እርጎ ይረጋል። የእኛም ደም እንዲሁ ነው። አጨዳ ላይ ማጭድ ጣታችንን ቢቆርጠን መጀመሪያ ደም ይፈሳል። ቆይቶ ይረጋና ቁስሉን ይደፍነዋል። ደማችን የማይረጋ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ቁስል እንኳ ትገድለን ነበር።

ይህ እንዴት ይሆናል? ቤት ሲመረግ የሚሆነውን አስቡ። ግድግዳው በጭቃ ይደፈናል። ጭቃ ብቻውን ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጭድ ይጨመርበታል። ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ያጠነክረዋል።

በደማችንም ውስጥ ጭቃና ጭድ አለ ማለት ይቻላል። ጭቃው ፕላትሌት ይባላል። ፕላትሌት በዓይን የማይታይ ጥቃቅን የደም ክፍል ነው። ቁስል ሲያገኝ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ይከመራል። ጭዱ ደግሞ ቀጫጭን ክር ነው። ክሩ የሚሠራባቸውን ነገሮች ጉበታችን ያዘጋጃል። ጉበት ይህን ሥራ ለመሥራት ቫይታሚን ኬ የሚባል ነገር ይፈልጋል።

ቫይታሚን ኬ በብዛት የሚገኘው የት ነው? በአረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ነው። ጎመን አለው። ቆስጣ አለው። ሰላጣም አለው። ይህን ቫይታሚን ያገኘው ሄንሪክ ዳም የሚባል የዴንማርክ ሰው ነው። ለዚህ ሥራው ከአንድ አሜሪካዊ ምሁር ጋር የ1943ን የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደም በማይገባው ቦታ ሲረጋ

ደም በቁስል ላይ ቢረጋ መልካም ነው። በልብ ወይም በደም ሥር ውስጥ ቢረጋ ግን አደጋ ነው። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ሰውየው አንድ ጎኑ ሽባ ሊሆን ይችላል። አንዱ ዓይነት ስትሮክ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ወደ ሳንባ ከሄደ ደግሞ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ሊገድልም ይችላል።

በአገራችን ይህን መድኃኒት ከሚወስዱት መካከል ብዙ የልብ ሕመምተኞች አሉ። የብዙዎቹ ሕመም የሚጀምረው በልጅነት፣ በጉሮሮ ሕመም ነው። በጀርም የመጣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ካልታከመ፣ የልጁ ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ የራሱን ልብ ሊጎዳ ይችላል። ልብ በሮች አሉት። በሮቹ ደም ወደ ፊት እንዲሄድ ይከፈታሉ፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ሕመሙ እነዚህን በሮች ያጠብባቸዋል፤ ወይም መዝጋት ያቅታቸዋል። ያን ጊዜ ደም በልብ ውስጥ ይተኛል። የተኛ ደም ይረጋል።

በሩ ጨርሶ የተበላሸበት ሰው በቀዶ ሕክምና ሰው ሠራሽ በር ይገባለታል። በሩ ከጠንካራ ነገር፣ እንደ ብረት ካለ ነገር የተሠራ ከሆነ ሰውየው ደም ማቅጠኛውን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። እግሩ ሥር ውስጥ ደም የረጋበት ሰውም ለጥቂት ወራት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

የመድኃኒቱ ስም ዋርፋሪን ነው። ዋ - ር - ፋ - ሪ - ን። አንድ ጊዜ ድገሙት። ዋርፋሪን የሚሠራው በጭዱ ላይ ነው። ጉበት ቫይታሚን ኬን እንደ ልቡ እንዳይጠቀምበት ያግደዋል። አስፕሪን ደግሞ የሚሠራው በጭቃው ላይ ነው። ፕላትሌት እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ስሙ እንዳያሳስታችሁ

"ደም ማቅጠኛ" ስንል መድኃኒቱ ደምን እንደ ቀጠነ ጠላ ውሃ ያደርገዋል ማለት አይደለም። ደሙ ያው ደም ነው። የሚረጋበት ጊዜ ብቻ ይረዝማል። መድኃኒቱ በራሱ ደም አይመጥም፤ ደምም አይጨርስም። ጉዳት የሚመጣው መጠኑ ሲበዛና ሰው ሲደማ ነው።

ሌላም ስሕተት አለ። "ደም ብዛት" የሚባለውን በሽታ ብዙ ሰው ደም መብዛት ወይም ደም መወፈር ይመስለዋል። ስለዚህ "ነጭ ሽንኩርት በልቼ ደሜን ላቅጥን" ይላል። ሌላው "ዋግምት ላድርግና ይቀንስልኝ" ይላል። ደም ብዛት ግን የደም መብዛት አይደለም፤ ደም በሥር ውስጥ ሲሄድ የሚገፋበት ኃይል መበርታት ነው። መድኃኒቱም ሌላ ነው። ደም ብዛት ያለበት ሰው የደም ብዛት ኪኒኑን ትቶ ደም ማቅጠን ቢጀምር አንዱም አይድንለትም።

የሻገተው ድርቆሽ

ለመሆኑ ዋርፋሪን ከየት መጣ? ከከብት መኖ መጣ ብንላችሁ ታምናላችሁ? ከብት አርቢዎች ሆይ፣ ይህን ታሪክ ስሙ።

ከ1920 በኋላ ባሉት ዓመታት በካናዳና በአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ከብቶች እየደሙ ይሞቱ ጀመር። ኮርማ ሲኮላሽ ደሙ አልቆም አለ። ቀንድ ሲቆረጥም ደሙ አልቆም አለ። ፍራንክ ስኮፊልድ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነገሩን መረመረ። ከብቶቹ የበሉት ድርቆሽ የሻገተ መሆኑን አገኘ። ድርቆሹ ጥሩ ሽታ ካለው ከአንድ የመኖ ተክል የታጨደ ነበር። ተክሉ በደንብ ሲደርቅ ከብት አይጎዳም። ሲሻግት ግን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ይፈጠርበታል።

በ1933፣ በየካቲት ወር፣ ዊስኮንሲን በሚባለው የአሜሪካ ክፍል አንድ ገበሬ ነበር። በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። የጫነው ምን ነበር? የሞተች ጊደር፣ በወተት ጣሳ ያልረጋ ደም፣ እንዲሁም የሻገተውን ድርቆሽ። እዚያ ካርል ሊንክ የሚባል የኬሚስትሪ ምሁር አገኘ። ሊንክና ጓደኞቹ ስድስት ዓመት ያህል ደክመው በ1939 ያንን ነገር ከድርቆሹ ለዩት። ከዚያ ተነሥተው የሠሩት ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ለገበያ ቀረበ። በ1954 ደግሞ ለሰው መድኃኒት እንዲሆን ተፈቀደ።

ይህ ታሪክ ምን ያስተምረናል? አይጥን የሚገድለው ነገር ሰውን ያድናል። ልዩነቱ ልኩ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ወላጆቻችን ኮሶ ሲጠጡ ልኩን ይጠነቀቁ ነበር። ኮሶ በልኩ የሆድ ትል ያስወጣል፤ ሲበዛ ሰው ይጎዳል። ዋርፋሪንም እንዲሁ ነው። ቢያንስ ደም ይረጋል፤ ቢበዛ ሰው ይደማል።

ልኩ በምን ይታወቃል? በደም ምርመራ ይታወቃል። ምርመራው አይ.ኤን.አር. ይባላል። ውጤቱ ቁጥር ነው። ዋርፋሪን የማይወስድ ጤነኛ ሰው ቁጥሩ 1 ገደማ ነው። ዋርፋሪን የሚወስዱ ብዙ ሰዎች ቁጥራቸው ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። ሰው ሠራሽ በር ለገባላቸው አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ትንሽ ከፍ ይላል። የእናንተን ልክ ሐኪሙ በካርዳችሁ ላይ ይጽፈዋል። ያንን ቁጥር እንደ ስማችሁ እወቁት።

የአንኮበሯ እናት

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንኮበር ወረዳ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ እንበል። የልባቸው በር ጠብቧል። ልባቸውም ያለ ሥርዓት ይመታል። ማታ ማታ ዋርፋሪን ይውጣሉ። በየወሩ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደብረ ብርሃን ይወርዱና ደማቸውን ያስመረምራሉ። ቁጥራቸው 2.5 ነበር። መልካም ነው።

ሁዳዴ ገባ። በጾሙ አጋማሽ ሲመረመሩ ቁጥሩ 1.4 ሆነ። ነርሱ ደነገጠና ጠየቃቸው።

"እናቴ፣ መድኃኒቱን አቋርጠው ነበር እንዴ?"

"ኧረ ምን ሲባል፣ ልጄ! አንድም ማታ አልዘለልኩ።"

"ታዲያ ምግብ ለውጠዋል?"

"ምን እለውጣለሁ? ጾም ነው። ጎመኔን እበላለሁ እንጂ።"

"ከጾሙ በፊት ጎመን በሳምንት ስንት ቀን ይበሉ ነበር?"

"እሱማ አልፎ አልፎ ነው። አሁን ግን ምሳም እሱ፣ ራትም እሱ ነው።"

ምክንያቱ ተገኘ። ዋርፋሪኑ ጭዱን ይቀንሳል። ጎመኑ ደግሞ ጭድ ያቀብላል። ጎመኑ ሲበዛ መድኃኒቱ ተሸነፈ። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ትንሽ ከፍ አደረጉላቸው።

ፋሲካ መጣ። ጎመኑ ከመሶብ ወጣ፤ ሥጋው ገባ። በዚያው ሰሞን እናታችን ጉንፋን ያዛቸው። ጎረቤታቸው መጡና መከሩ።

"እታለም፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ በማር እያደረግሽ ጠዋት ጠዋት ብይ። ዝንጅብልም አፍልተሽ ጠጪ። ጉንፋኑም ይለቅሻል፤ ደምሽም ይቀጥናል። ያንን ኪኒን ምን ያደርግልሻል? ተይው!"

እናታችን ኪኒኑን አልተዉም። በዚህ ጎበዙ። ነጭ ሽንኩርቱን ግን በየቀኑ በማንኪያ ይበሉ ጀመር። ለማንም አልተናገሩም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥርሳቸውን ሲፍቁ ድዳቸው ደማ። ክንዳቸው ላይ ሳይመታቸው የበለዘ ቦታ ታየ። ካርዳቸውን ከሣጥን አወጡና ፊደል እየቆጠሩ አነበቡ። "ደም - ከታየ - ቶሎ - ይምጡ" ይላል። በማግስቱ ማለዳ መኪና ተሳፈሩ። ቁጥሩ 5 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ለጥቂት ቀን አስቆሙ፤ ቀጥሎም መጠኑን አስተካከሉ። እናታችንም ዳኑ። ያዳናቸው ማንበባቸውና ሳይዘገዩ መሄዳቸው ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? የጎመኑ ነው? የነጭ ሽንኩርቱ ነው? የአንዳቸውም ብቻ አይደለም። ጎመኑ በአንድ ጊዜ በዛ፤ በአንድ ጊዜም ቀረ። የመድኃኒቱ መጠን ግን ለጾሙ ጎመን የተሰፋ ልብስ ነበር። ነጭ ሽንኩርቱ በዚያ ላይ ተጨመረ። ጭዱ ባነሰበት ግድግዳ ላይ ጭቃውም ላላ። ጥፋቱ የመለዋወጡና የዝምታው ነው።

ጓዳችንን እንፈትሽ

አንደኛ፤ አረንጓዴ ቅጠሎች። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ በክረምት የሚበላው ሳማም እዚህ ይገባሉ። ዋርፋሪን የምትወስዱ ሰዎች ጎመን አትተዉ። "ጎመን በጤና" ይባል የለ? ጎመን ለሰውነት የሚጠቅም ምግብ ነው። ግን በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን ብሉ። በሳምንት ሦስት ቀን የምትበሉ ሁሌም ሦስት ቀን ይሁን። ጾም ሲገባና ሲፈታ፣ ክረምት ገብቶ ቅጠል ሲበዛ፣ አስቀድማችሁ ለሐኪም ንገሩ። ደማችሁ በዚያ ሰሞን ይመርመር። ኪኒኑ ብዙ ጊዜ ማታ ስለሚወሰድ ከጾም ሰዓት ጋር አይጋጭም።

ሁለተኛ፤ ነጭ ሽንኩርት። ነጭ ሽንኩርት ፕላትሌት እንዳይጣበቅ የማድረግ ጠባይ አለው። በወጥ ውስጥ የሚገባው አያስፈራም። እንደ ልማዳችሁ ብሉ። ጥሬውን ወቅጦ በየቀኑ በማንኪያ መብላት ግን መድኃኒት መጨመር ነው። ከዋርፋሪን ወይም ከአስፕሪን ጋር አይሆንም። ቀዶ ሕክምና የቀጠራችሁ ሰዎችም ከቀጠሮው በፊት ለሐኪም ንገሩ።

ሦስተኛ፤ ዝንጅብልና እርድ። በሻይና በወጥ ውስጥ ያለው ልክ ደህና ነው። እርድን በብዛት በጥብጦ መጠጣት ወይም በኪኒን መልክ የተሠራውን መዋጥ ግን አደጋ አለው። በ2018 የኒውዚላንድ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ዋርፋሪን ይወስድ የነበረ አንድ ሰው የእርድ መድኃኒት ጨመረ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቁጥሩ ከ10 በላይ ወጣ።

አራተኛ፤ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቅርንፉድና ተልባ። ለምግብ ማጣፈጫ አትፍሯቸው። "ለስኳር፣ ለጨጓራ፣ ለጉልበት" እየተባለ በየቀኑ በኩባያ ሲጠጡ ግን ከቅመምነት ወጥተው መድኃኒት ይሆናሉ። ያን ጊዜ ሐኪም ይወቅ።

አምስተኛ፤ የጓሮና የጫካ መድኃኒቶች። አገራችን በመድኃኒት ቅጠል የታወቀ ነው። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በአንኮበር ወረዳ ብቻ 135 ዓይነት የመድኃኒት ዕፅዋት መዝግቧል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ አንንቀውም። አስፕሪንም ቢሆን መነሻው በአኻያ ዛፍ ቅርፊት ውስጥ ከተገኘ ነገር ነው። ነገር ግን ቅጠሉ የሚሰፈረው በእፍኝ ነው። ዋርፋሪን የሚለካው በሚሊ ግራም ነው። ሚሊ ግራም የአንድ ግራም አንድ ሺኛ ነው። በእፍኝ የሚሰፈረውን በሚሊ ግራም ከሚለካው ጋር መደባለቅ ያስቸግራል። በቡና ላይ ጣል የምትደረግ አንዲት የጤና አዳም ቅጠል ሌላ፣ ተጨምቆ በኩባያ የሚጠጣ ጤና አዳም ሌላ ነው። ያ ሲበዛ መርዝ ይሆናል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው።

ስድስተኛ፤ አረቄና ሌላ መጠጥ። ብርድ አገር ስለሆነ አረቄ ይወደዳል። ብዙ አረቄ ጉበትን ይጎዳል። ጉበት ከተጎዳ ጭዱን ማን ያዘጋጃል? ሰካራም ደግሞ ይወድቃል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን መትቶት ቢወድቅ አንጎሉ ውስጥ ሊደማ ይችላል።

እንጀራው፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ የገብስ ቆሎውና ቡናው አያስጨንቃችሁ። እንደ ወትሯችሁ ብሉ፣ ጠጡ።

ከፋርማሲ የሚገዛውም

አደጋው ከቅጠል ብቻ አይመጣም። እንዲያውም ከመድኃኒት መደብር የሚገዛው ኪኒን ይብሳል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኙ ጨጓራ ሊያደሙ ይችላሉ። ለአሜባ የሚሰጠው ፍላጅል የዋርፋሪንን ኃይል በጣም ያበዛዋል። ባክትሪምም እንዲሁ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ያደክመዋል። ስለዚህ ማንኛውንም ኪኒን ከመግዛታችሁ በፊት "ዋርፋሪን እወስዳለሁ" በሉ። ካርዳችሁን አሳዩ። ለራስ ምታት ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ፓራሲታሞልን ነው፤ እሱም በታዘዘው ልክ ብቻ ነው።

ዋርፋሪን ፅንስ ይጎዳል። ስለዚህ ልጅ ለመውለድ የምታስቡ እናቶች አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። እርግዝና ከጠረጠራችሁም ውላችሁ ሳታድሩ ሄዳችሁ ተናገሩ። በራሳችሁ ፈቃድ ግን መድኃኒቱን አትጣሉ።

ምላጭና መርፌ

ዋግምት አታድርጉ። እንጥል አታስቆርጡ። ጥርስ ከማስነቀላችሁ በፊት ካርዳችሁን አሳዩ። መርፌ ልትወጉ ስትሉም ተናገሩ። በማጭድ ወይም በቢላዋ ከተቆረጣችሁ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ያዙት። ካልቆመ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጸበል የምትሄዱ ሰዎችም መድኃኒቱን ቤት ጥላችሁ አትሂዱ። ይዛችሁት ሂዱ፤ ማታ ማታ ዋጡ።

እነዚህን ምልክቶች እወቁ

መድኃኒቱ ሲበዛ እነዚህ ይታያሉ፦
ድድ ወይም አፍንጫ ደምቶ አለመቆም።
ሽንት መቅላት።
ዓይነ ምድር እንደ ሬንጅ መጥቆር።
ሳይመቱ መበለዝ።
ያልተለመደ ኃይለኛ ራስ ምታት።

መድኃኒቱ ሲያንስ ደግሞ እነዚህ ሊመጡ ይችላሉ፦
ፊት ወደ አንድ ወገን መጣመም።
አንድ እጅ ወይም አንድ እግር መዛል።
ምላስ መተሳሰር።
አንድ እግር ማበጥና ማመም።
ድንገት ትንፋሽ ማጠርና ደረት መውጋት።

ከእነዚህ አንዱ ቢታይ "ነገ እሄዳለሁ" አይባልም። በዚያው ሰዓት ነው።

ደብተር ያዙ

አሁን ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። እንግዲህ ችሎታውን ሥራ ላይ አውሉት። አንድ ትንሽ ደብተር ግዙ። በገጹ ላይ አራት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ቀኑን ጻፉ። በሁለተኛው የዋጣችሁትን መጠን ጻፉ። በሦስተኛው የምርመራውን ቁጥር ጻፉ። በአራተኛው አዲስ ነገር ካለ ጻፉ። "ጾም ገባ"፣ "ጉንፋን ያዘኝ"፣ "ነጭ ሽንኩርት በማር በላሁ" ብላችሁ ጻፉ። ለሐኪሙ ደብተሩን ስጡት። እናንተ የረሳችሁትን ደብተሩ ይናገራል።

የኪኒኑንም ሽፋን አንብቡ። 5 ሚሊ ግራም ነው? ወይስ ሌላ? ኪኒኑ ከተለወጠባችሁ ሳትውጡ ጠይቁ። አንድ ማታ ብትረሱና በዚያው ቀን ብታስታውሱ ዋጡት። በማግስቱ ካስታወሳችሁ ግን ሁለት አትዋጡ። የተለመደውን አንድ ጊዜ ብቻ ውሰዱ፤ የረሳችሁትንም በደብተሩ ላይ ጻፉ።

ጎረቤት ሲመክር አትቆጡ። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። "እግዜር ይስጥልኝ፤ ሐኪሜን ጠይቄ ነው" በሉ። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ጠይቁ። ዋናው ነገር ይኸው ነው። ምግባችሁ አይለዋወጥ፤ አዲስ ነገር አትደብቁ፤ መድኃኒቱን በራሳችሁ አትተዉ፣ አትጨምሩም።

ለመወያያ ጥያቄዎች

1. ዋርፋሪን የሚሠራው በጭዱ ላይ ነው ወይስ በጭቃው ላይ?
2. ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመን መተው አለበት? ለምን?
3. የአንኮበሯ እናት ቁጥር በጾሙ ለምን ዝቅ አለ? ከፋሲካ በኋላስ ለምን ከፍ አለ?
4. በወጥ ውስጥ ያለ ነጭ ሽንኩርትና በማር ተወቅጦ በየቀኑ የሚበላ ነጭ ሽንኩርት ልዩነታቸው ምንድን ነው?
5. መድኃኒቱ ሲበዛ ከሚታዩት ምልክቶች ሦስቱን ጻፉ።

ውድ አድማጮችና አንባቢዎች፣ ለዛሬ ያዘጋጀነው በዚህ ተፈጸመ። መልሶቹን ከቤተ ሰባችሁ ጋር ሆናችሁ ሥሩ። በጎረቤታችሁ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ሂዱና አንብቡለት።